ከሥዕሉ ሥር ያስቀመጥኩት የባሕር ቅርፊት

ስለ ባሕር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ባሕር ሳላይ ነው። መሐል ሜዳ ተወልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት አገር አድጌ፣ የመመረቂያ ሥራዬ ከውቅያኖስ ወለል ተቆፍሮ የወጣ ጭቃ ሆነ። ጭቃውን ለዩኒቨርሲቲያችን የላኩልን ባሕር ማዶ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። እኛ አጠብነው፣ በወንፊት ነፋነው፣ አደረቅነው። ከዚያ ሁሉ ጭቃ የተረፈው ነጭ አሸዋ የሚመስል ነገር ነው። አሸዋ ግን አይደለም። እያንዳንዷ ፍሬ ፎራሚኒፌራ የምትባል፣ በሕይወት ሳለች በውሃው ላይ ስትንሳፈፍ የኖረች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ቅርፊት ናት። ከጤፍ ታንሳለች።

ይህቺ ፍጡር መጀመሪያ አንዲት ጓዳ ትሠራለች። ስታድግ ጓዳዋ ይጠባታል፣ ከጎኗ ሰፋ ያለች ሌላ ትቀጥላለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ዙሪያዋን ትገነባለች። ስትሞት ቤቷ ብቻውን ወደ ወለሉ ይሰምጣል። የምትገነባበትን ካልሲየም የምታገኘው ከውሃው ነው፤ ከካልሲየሙ ጋር ደግሞ ማግኒዥየም የሚባል ሌላ ነገር በጥቂቱ ሾልኮ ይገባል። ውሃው ሞቅ ሲል በዛ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ሲል አነስ ብሎ። ስለዚህ ቅርፊቷን በደንብ አጥቦ፣ በአሲድ አሟምቶ፣ ማግኒዥየሙን የለካ ሰው ፍጡሯ በኖረችበት ዘመን ባሕሩ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ያውቃል።

እንዲህ ስጽፈው ያምራል። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ እጄን ይዞ ለሚጠይቀኝ ሰው ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። «ምን ተማርሽ?» ሲሉኝ፣ እኔ ሞኟ፣ ከነማግኒዥየሙ ነገርኳቸው። «እንግዲያ የባሕር ትል ቤት ልትለቅሚ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ደብተር የጨረስሽው?» ብለው የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ፤ እናቴ «ይህቺን ልጅ በርበሬ ስቀነጥስ ነው የወለድኳት» ትላለች።

የዚያን ዓመት እናቴ ደጃፍ ላይ ውርጭ አዳልጧት ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሠረላት። አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፣ ከእኔ ሌላም ልጅ የላትም። ሥራዬን ጥዬ መምጣት ስለማልችል ይዤው መጣሁ። ማይክሮስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አርባ ብልቃጥ ቅርፊት በካርቶን ደርድሬ፣ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ድረስ በሚኒባስ ጭኔ ላይ ታቅፌው መጣሁ። ረዳቱ «እንቁላል ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አዎ» አልኩት። ከሁሉም የቀለለችው ውሸቴ እሷ ናት።

በየብልቃጡ ላይ ቁጥር አለ፤ ቅርፊቱ ከወለሉ በስንት ጥልቀት እንደወጣ የሚናገር። አንዱ ካንዱ ከተቀላቀለ ወይም ባዕድ ነገር ከገባበት አለቀለት። ባዕድ ስል ደግሞ ትንሽ ነገር ይበቃል። የግድግዳ ጭቃ፣ የምድጃ አመድ፣ ይህ ሁሉ ማግኒዥየም አለበት፤ አንዲት ቁንጣሪ አመድ ገብታ ብትለካ ውቅያኖሱ እንደ ሽሮ ፈልቶ ነበር የሚል መልስ ታመጣለች።

በመጣሁ በማግስቱ ጠዋት እናቴ በግራ እጇ አንዱን ብልቃጥ ከፍታ ስታሸት ደረስኩ።

«አትንኪው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ያስጮህሻል? ጨው መስሎኝ ነው። ምንድን ነው ይሄ?»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የገበያው ሳቅ ትዝ አለኝ። ይህቺ ሴት እኔን ለማስተማር በጎቿን አንድ በአንድ ስትሸጥ አይቻለሁ። በዚያች ሴት ፊት «የሞተ የባሕር ነፍሳት ቤት ነው የምለቅመው» ማለት አሳፈረኝ። በዚያ ላይ ብልጠት መጣልኝ። የባሕር ቅርፊት ነው ካልኳት ነገ ትጠርገዋለች፣ ለእንግዳ ታሳየዋለች፤ ቅዱስ ነገር ነው ካልኳት ግን ማንም አይነካውም።

«እምነት ነው» አልኳት። «ከሩቅ ገዳም የመጣ ነው። መምህሬ አደራ ብለው የሰጡኝ ስለሆነ አይከፈትም።»

እኛ አገር ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ እምነት ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ፣ የታመመ ሰው የሚቀባው አመድ ወይም አፈር ነው። እናቴ በግራ እጇ አማተበች። «በስመ አብ! ታዲያ እንደ ሽንኩርት መሬት ላይ ታኖሪዋለሽ? አባትሽ ቢኖሩ ምን ይሉሽ ነበር?» አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ካርቶኑን ራሷ አስነሳችኝና ከማርያም ሥዕል ሥር አስቀመጥነው፤ የክት ነጠላዋን አውጥታም ሸፈነችው። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። ከእንግዲህ ማንም አይነካብኝም አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ግን ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የሚኖሩት ከአጥራችን ማዶ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ የበግ ጸጉር ፈትለው ባና የሚባለውን ወፍራም ልብስ ለሚሠሩ እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እኔን በጀርባቸው አዝለው አሳድገውኛል። በዚያን ጊዜ የቀኝ ዓይናቸው ታሞ ነበር። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌናቸውን ይወጋል፤ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ፀሐይ አይችልም። እሳቸው ደግሞ በዛገ ወረንጦ በዳበሳ እየነቀሉ የዓይን ቆባቸውን ያቆስሉታል።

የእኔ ወረንጦ ጫፏ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ ቅርፊት የማነሳባት ናት። አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐዩ ሲወጣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አስደግፌ ጸጉሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩላቸው።

«እጅሽ ይባረክ! አይ እጅ እቴ! አለቀ እንዴ? ሳይሰማኝ?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ሳቁብኝ። «ለካ ለዚህ ነው የተማርሽው! እኔ ደግሞ ምን ተማረች ስባል መልስ አጣ ነበር።»

ያን ቀን የእሳቸው ሳቅ አላስቆጣኝም። ወረንጦዋን ሰጠኋቸው፤ ሌላ ስላለኝ። እሳቸውም በጥጥ ጠቅልለው ከጡታቸው ሥር ሸጎጧት። ግን መንቀል መፍትሔ አልነበረም። ጸጉሩ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲበቅል ደግሞ ይጠነክራል። ጤና ጣቢያ ያሉት ባለሙያ ቆቡ በቀዶ ሕክምና ካልተቃና ብሌኑ ተፍቆ ተፍቆ ይጠፋል ብለው በግልጽ ነግረዋቸዋል። እትዬ ግን ቢላ የሚባል ነገር ይፈራሉ። «ዓይኔን ለቢላ? ዶሮ ነኝ እንዴ?» ይላሉ።

ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ መኪና በሞንታርቦ እየዞረ ለፈፈ። የዓይን ሐኪሞች ከሰኞ እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያው ውስጥ በነፃ ይሠራሉ ተባለ። እናቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬን ይዛ አልለቅ አለች። ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ በመጨረሻ «ማክሰኞ እኔው እጅሽን ይዤ እገባለሁ፣ ከተጮኸም አብረን እንጮሃለን» አለቻቸው። እትዬ እሺ አሉ። እኔ በቦታው ነበርኩ። እሺ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ ሳይሄዱ ቀሩ። እናቴን ብጠይቃት «ትንሽ ልታገስ አለች» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልተከታተልኩትም።

ረቡዕ ጠዋት ቁጥር ሰባትን ከፍቼ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት። ነጫጮቹ ቅርፊቶች መሐል ግራጫ ነገር አየሁ። አተኩሬ አየሁት፤ አመድ ነው። የከሰል ስባሪ፣ የተቃጠለ ዕጣን ጥቁር ፍርፋሪ አለበት። ስምንትን ከፈትኩ፣ ያው ነው። ስድስትን ከፈትኩ፣ ያው።

«እማዬ!»

እናቴ መጣች። እጇ ከቀርከሃው ተፈቶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልብ ብዬ ያየሁት፤ ጣቶቿን እንደ ልቧ ታንቀሳቅሳለች።

«ማን ነው ይህን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሳታፍር። «ምን አደረግኩ? ጠዋት ጠዋት እጄን ስቀባው ሰነበትኩ፣ ይኸው ዳነልኝ። ወጌሻው ራሱ ገረመው። እምነትሽ ኃይለኛ ነው ልጄ።»

«አመዱስ? አመዱን ማን ጨመረው?»

«ኧረ እኔው ነኛ! የሰው አደራ ነው ብለሽኝ የለም? ከፊተኛው ረድፍ ከስምንቱም ቆንጠር ቆንጠር አደረግኩ። ከአንዱ ብቻ ብወስድ ይጎድላል፣ እግዜርም አይወደው። የቀነስኩትን ያህል ደግሞ ከደብራችን እምነት ተካሁበት። በረከት በበረከት ላይ ቢጨመር ምን ይጎዳል?»

እዚህ ላይ የወጣኝን ቃል አልጽፈውም። እናቴን እንዲህ ብዬ ተናግሬያት አላውቅም፤ ተሰብሮ የዳነ እጇን ይዛ ግድግዳው ጋ ቆመች። የስምንት ብልቃጥ ቅርፊት ማለት የስንት ወር ሥራ እንደሆነ እሷ ከየት ታውቃለች? የነገርኳት የለ። ስጮህ ስጮህ ደክሞኝ ስተወው፣ እናቴ ቀስ ብላ «ለእኔ ብቻ አይደለም እኮ» አለች። «ለእትዬሽ ዓይን ነው። ሰኞ ጠዋት በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠኋት። ሰባት ቀን ተቀብታ ታየዋለች። ከዳነላት ቢላውን ምን ሊያደርግላት?»

ቁጣዬ ውሃ እንደተደፋበት እሳት ጭስ ብሎ ጠፋ። ሰባት ቀን። ከሰኞ ሰባት ቀን ቢቆጠር እሑድ ይሆናል። ሐኪሞቹ ዓርብ ይሄዳሉ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ አላወቅኩም ልል አልችልም። ብሌናቸው እየተፋቀ ነው። የሚቀቡት ነገር የሞተ የባሕር ፍጡር ቅርፊት ነው። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ የምፈታውም እኔ ብቻ ነኝ። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ።» ሁለት ቃል ናት። ረቡዕን ሙሉ አፌ ላይ ይዣት ዋልኩ። እናቴ ምሳ ስታቀርብ ልላት አልኩ፣ ስታነሳ ልላት አልኩ። ቀና ስል ግን የማየው የማርያምን ሥዕልና ከሥሩ የተዘረጋውን የክት ነጠላ ነው። በዚያ ነጠላ ፊት ስንት ቀን ተንበርክካ እንደጸለየች አውቃለሁ። የገዳም ስም ጠርቼ፣ የእናቴን ስግደት ለባሕር አሸዋ አስደርጌ፣ አሁን ምን ብዬ ልጀምር?

ሐሙስ ጠዋት ሌላ ብልጠት መጣልኝ። ብልጠት አላልቅ ብሎኝ! እምነቱን ከእትዬ ብቀበላቸው የሚቀቡት ነገር አይኖራቸውም፤ የሚቀቡት ከሌላቸው ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። ውሸቴም ሳይገለጥ ዓይናቸው ይድናል። እንዲህ አስቤ አጥሩን ተሻገርኩ።

እትዬ እንዝርታቸውን ይዘው ደጃፍ ተቀምጠዋል። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ላይ ነጭ ተቀብተዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ ይላል። ቅርፊቶቹ ናቸው። ጓዳ በጓዳ ቀጥላ ቤቷን የሠራች ፍጡር በእትዬ ቆብ ላይ ተለጥፋለች፣ እሳቸውም ያሻሉ፣ ያሻሉ።

«እትዬ፣ እማዬ የሰጠችዎት እምነት የሰው አደራ ነው» አልኩ። «ባለቤቱ ይፈልጉታል። ይመለስልኝ።»

እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ውይ በሞትኩት! የሰው ነው እንዴ? እናትሽ የሰጠችኝ እኮ ነው ልጄ። እኔ ሰርቄ አይደለም።»

«ሰረቁ ማን አለዎት? ይመልሱልኝ ነው ያልኩት!» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ጥፋተኛ ስሆን ነው የምጮኸው፣ ይህን አመሌን እስከዚያ ቀን አላውቀውም ነበር።

«አደራ መሆኑን ባውቅማ እጄን በቆረጥኩት» አሉ። አንገታቸው ላይ ያሠሩትን ትንሽ ቋጠሮ ሊፈቱ ያዙ፤ እምቢ ሲላቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ለእኔም ሰጡኝ። ከዚያ ቤት ገብተው በጣሳ ውሃ አመጡና ዓይናቸውን ታጠቡ። እጣቢው መሬት እንዳይነካ ሳህን ሥሩ አደረጉ፤ ቅዱስ ነገር የታጠበበት ውሃ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። «ይሄንስ? ይሄም የአደራው ነው። ወዴት ልድፋው?»

ሳህኑን ተቀበልኩ። እሳቸው ደግሞ ደረታቸው ውስጥ እጃቸውን ሰደው በጥጥ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ወረንጦዋ ናት።

«ይቺም የአንቺ ናት።»

«እሷን ሰጥቼዎታለሁ እኮ እትዬ!»

«ይሁን ልጄ፣ የሰው ነገር ይብቃኝ።»

«እሺ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ነገ ማብቂያው ነው። ዓይንዎ ይጠፋል!»

«እሺ» አሉ። ፊታቸውን አዙረው ነው ያሉት። እኔም ሳህኑን፣ ቋጠሮውን፣ ወረንጦዋን ታቅፌ በአጥሩ ተመለስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ዓርብ ማለዳ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እትዬን ልትጠራ ሄደች። ነገሩን አልነገርኳትም ነበር፤ እኔ ያሰብኩት ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ ነው። ብቻዋን ተመለሰች። በራቸው ከውጭ ታሥሯል። ጎረቤት እንደነገራት እትዬ ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው፣ ንጋት ላይ ወደ ራቤል፣ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄደዋል። «መሐል ሜዳ ላይ ሌባ ተብዬ የማን ፊት አያለሁ» ብለዋል።

«ሌባ? ማን አላት?» አለችኝ እናቴ።

«እኔ አላልኩም። አደራውን ይመልሱልኝ ነው ያልኳቸው።»

እናቴ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ የሰጠሁትን? ከደጄ የወጣውን አስመለስሽ?» አለች። ከዚያ «ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ» አለች። ያን ጊዜ እንኳ፣ ያን ጊዜ እንኳ፣ ሁለቱ ቃላት አፌ ላይ ነበሩ። አላወጣኋቸውም። ማታ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፣ ሞንታርቦውም ምስጋና አቅርቦ ዝም አለ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ የተበላሹትን ስምንት ብልቃጦች እንዳልለካቸው ወሰንኩ። አንዱን ግን፣ ቁጥር ሰባትን፣ እልህ ይዞኝ አጥቤ አጥቤ ለካሁት። ማግኒዥየሙ ከሌሎቹ ጋር የማይቀራረብ ሆኖ መጣ፤ የደብራችን አመድ ቅርፊቷ ጓዳ ውስጥ ድረስ ገብቷል፣ መታጠብ አላወጣውም። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ «ስምንት ናሙናዎች በጉዞ ላይ ተበላሽተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ፈታኞቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ንጽሕና ላይ ያደረግኩትን ጥንቃቄም አመሰገኑ። እናቴ ምርቃቴ ላይ መጥታ እልል አለች።

ከሄድኩ በኋላ ያወቅኩት፣ እናቴ ከተበላሹት ስምንት አንዱን ብልቃጥ አስቀርታብኛለች። «ለቤቱ በረከት ይሁን ብዬ ነው፣ አንቺ ብዙ አለሽ» አለችኝ። አልተቆጣሁም፤ በምን አፌ? እስከ ዛሬ ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ ደጃፍ ላይ ታቆመኝና በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ግንባሬን ትቀባኛለች። «መንገዱን ይባርክልሽ» ትላለች። እኔም ጎንበስ እላለሁ። ሚኒባሱ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ድረስ ግንባሬ ላይ ይቆረቁረኛል፣ አልጠርገውም።

እትዬ በወሩ ከራቤል ተመልሰው ነበር። እናቴ እንደምንም ብላ፣ ሽማግሌም ልካ ታረቀቻቸው። እኔ ግን በመጣሁ ቁጥር እሳቸው ወይ ገበያ ናቸው፣ ወይ ለቅሶ ናቸው፤ እኔም እንዳላገኛቸው ሰዓት እየመረጥኩ ነው የምመጣው። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ተሸሸግን።

ባለፈው ገና ስመጣ እናቴ «እትዬሽ ትፈልግሻለች፣ ዛሬ ሳታያት አትሄጂም» አለችኝ። ሄድኩ። ገና ከደጃፉ ስገባ ቀኝ ዓይናቸውን አየሁት። ብሌኑ ነጭ ሆኗል። ግራው ደግሞ ያለቅሳል፣ ሽፋሽፍቱ መታጠፍ ጀምሯል።

«አንቺ ነሽ? ድምፅሽን አሰሚኝ እስቲ» አሉ። «ደህና አደሩ» ስላቸው ተነሡ። በሩ ጥግ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ጠፍጣፋ፣ ታጥቦ የተዘጋጀ። ጎንበስ ብለው አነሱትና አንገታቸው ላይ አደረጉት። እኛ አገር ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ የሚቆም ሰው ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ማነው? ደም ያፈሰሰ፣ ትልቅ በደል የበደለ ሰው ነው እንዲህ ይቅርታ የሚለምነው።

«እትዬ! ኧረ በማርያም! ምን ነካዎት?»

«ልጄ፣ ሳልሞት ልታረቅሽ። ቅዱስ ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ ነካሁ። እግዜር ዓይኔን ወሰደ፣ ይገባኛል። በዓመቱ ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ፣ አልሄድኩም፤ እግዜር የፈረደብኝን በሰው ቢላ ላመልጥ ነው? ብዬ ተቀመጥኩ። አሁን ግን ግራውም ጀመረኝ። ሁለቱም ከጠፉ በምን እፈትላለሁ? አንቺ ካልፈታሽኝ ይሄም አይድንም። ይቅር በዪኝ።»

ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ ነጠቅኩ። ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩት። የማን አንገት ላይ መሆን እንደነበረበት አውቃለሁ። አሁን ነው አልኩ፣ አሁን ልናገር። እሳቸው ግን በአንድ ዓይናቸው ወደ አፌ እያዩ የሚጠብቁት አንድ ቃል ብቻ ነው። እውነቱን ብነግራቸው ይሰሙኝ ነበር? ወይስ ልታጽናናኝ ነው ብለው ይተዉት ነበር? አላውቅም። ይቅር ብያለሁ ካልኩ ግን ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ለግራ ዓይናቸው ስል ነው እላለሁ ለራሴ። ግን አፌ የቀለለውን ሲመርጥ ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን አልነበረችም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳቸው።

እትዬ ፊታቸው በራ። እጄን ይዘው ሳሙት። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እንግዲህ ውሰጂኝ» አሉ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ሲስተሯ ወጣት ናት፣ የቆብ ቀዶ ሕክምናውን ተምራ ዘንድሮ የተመደበች፤ ግራውን በባትሪ አየችና «ይሄ ይድናል፣ ዛሬውኑ ይሠራልዎታል» አለች። ወደ ቀኙ ዞራ ቆባቸውን ገልጣ አየችና ተቆጣች። «እማማ፣ ይሄ እኮ መትረፍ የሚችል ዓይን ነበር። ምነው እስከ ዛሬ ቆዩ? የሚነግርዎት ሰው ጠፋ?»

«የሚነግረኝስ አላጣሁም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው» አሉ እትዬ።

ሲስተሯ ወደ እኔ ቀና አለች። «እሷ ልጅዎ ናት?»

«ልጄ ናት» አሉ እትዬ፣ እጄን እየዳበሱ። «በድያት ይቅር ያለችኝ ናት።»

ሲስተሯ ፈገግ አለችልኝና ነጠላቸውን እንድይዝላቸው ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። እትዬን ወደ ውስጥ አስገብተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ነጠላቸውን ይዤ ቆምኩ።